ከቆዳ ሥር የሚወጋው አፖሞርፊን፦ ፓርኪንሰን ለጠናበት ሰው አስታማሚዎች የተዘጋጀ መመሪያ

የጦሳ ተራራ ብርድ ገና ከደሴ ሳይነሣ አክስቴ የመጀመሪያውን ክኒን ይውጡና በአልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አንዳንድ ቀን ክኒኑ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ይይዛቸዋል፤ ተነሥተው ውዱእ አድርገው ይሰግዳሉ፣ የጀበናውንም ነገር ራሳቸው ያያሉ። አንዳንድ ቀን ግን አንድ ሰዓት ተኩል አልፎም እግራቸው ከወለሉ ጋር እንደተሰፋ ይቀራል፤ ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል፣ ምራቃቸውን መዋጥ እንኳ ያዳግታቸዋል። ፓርኪንሰን ከጠና በኋላ የሚመጣውን ይህን ሰዓት ሐኪሞች «ኦፍ» ይሉታል፤ እኛ ቤት «ደረቁ» እንላለን። ይህ መመሪያ ለእንዲህ ያለው ሰዓት የሚሰጠው አፖሞርፊን የተባለው መርፌ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚወጋና ከእርሱ ጋር ምን መደረግ እንደሌለበት ለአስታማሚዎች ያስረዳል።

እኔ በደሴ በመድኃኒት ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። አክስቴ መርፌውን የጀመሩት ጀርመን አገር ልጃቸው ዘንድ በከረሙበት ጊዜ በዚያው ሐኪሞች እጅ ሲሆን፣ ከተመለሱ ወዲህ የሚወጋቸው ታናሽ ልጃቸው ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ሐኪም ያዘዘውን በትክክል ለመፈጸም እንጂ፣ ከውጭ አገር በሻንጣ የመጣን መድኃኒት ያለ ሐኪም ለመጀመር እንዳይሆን አደራ እላለሁ።

መድኃኒቱና ስሙ

አፖሞርፊን በስሙ ውስጥ «ሞርፊን» ስላለበት ብዙ ቤተሰብ ይደነግጣል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1869 ሞርፊንን ከጠንካራ አሲድ ጋር በማሞቅ በመገኘቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ባሕርያቸው ተለያይቷል። አፖሞርፊን ሕመም አያስታግሥም፣ ሞርፊን የሚሠራውን ሥራም አይሠራም። ለፓርኪንሰን ሕመምተኞች ሊጠቅም እንደሚችል የታየው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን፣ በአሜሪካ ለ«ኦፍ» ሰዓት ማከሚያነት የተፈቀደው በ2004 ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ማወቅ ለአስታማሚው ይጠቅማል። ሲነሜት በሚለው ስሙ በብዛት የሚታወቀው የሌቮዶፓና የካርቢዶፓ ክኒን ጨጓራን አልፎ ወደ ትንሹ አንጀት መድረስ፣ ከዚያ ወደ ደም መግባት፣ በመጨረሻም አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን፣ ማለትም እንቅስቃሴን ወደሚያስተባብረውና በፓርኪንሰን ወደሚያንሰው የአንጎል ኬሚካል፣ መለወጥ አለበት። በፓርኪንሰን ደግሞ ጨጓራ ራሱ ስለሚዘገይ ክኒኑ በመንገድ ላይ ይውላል። አፖሞርፊን ይህን መንገድ ሁሉ ይዘላል፤ ከቆዳ ሥር ገብቶ በደም አማካይነት አንጎል ይደርስና የዶፓሚንን ቦታ ራሱ ተክቶ ይሠራል። ስለዚህ በብዙዎች ላይ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ለውጡ ይታያል፤ ኃይሉም ለአንድ ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ለአንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል። ቢዋጥ ግን ጉበት አብዛኛውን ስለሚያጠፋው ጥቅም አይሰጥም፤ በመርፌ መልክ የተዘጋጀውም ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ነገር አለ፤ ቤተሰቡ ቀድሞ ቢገባው ብዙ ተስፋ መቁረጥ ይቀራል። መርፌው የክኒኑ ረዳት ነው። ክኒን ሲይዛቸው ደኅና የሚንቀሳቀሱ፣ ችግራቸው ክኒኑ መዘግየቱ ወይም ቶሎ ማለቁ የሆነ ሰዎች ናቸው የሚጠቀሙበት። ሌቮዶፓ በበቂ መጠን ተሞክሮ ከመጀመሪያውም ምንም ያልረዳው ሰው ከዚህም መርፌ ብዙ መጠበቅ አይገባውም። የሌለ ነገር የሚያዩ፣ አእምሯቸው በጣም የተዘበራረቀባቸው፣ ጉበታቸው ክፉኛ የታመመባቸው፣ እንዲሁም ሰልፋይት ለሚባለው ማቆያ ኬሚካል አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ይህን በግልጽ ለሐኪሙ መናገር አለባቸው፤ በመድኃኒቱ ውስጥ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ስለሚገኝ በተለይ አስም ያለበት ሰው መዘንጋት የለበትም።

የመጀመሪያው መርፌ ቤት ውስጥ አይወጋም

የመጀመሪያው መጠን የሚሰጠው በሐኪም ፊት፣ ሕመምተኛው ሆን ተብሎ የሌሊቱንና የጠዋቱን ክኒን ሳይወስድ «ደርቆ» ሳለ ነው። የደም ግፊቱ ተኝቶም ቆሞም ይለካል፤ ከዚያ አነስተኛ መጠን፣ ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 ሚሊግራም፣ ይሰጥና በ20ኛው፣ በ40ኛውና በ60ኛው ደቂቃ ግፊቱ ተኝቶም ቆሞም እንደገና ይለካል። ይህ ሁሉ ልፋት የሚደረገው መድኃኒቱ የደም ግፊትን በድንገት ሊጥል ስለሚችል ነው። ተስማሚው መጠን የሚገኘው በተለያየ ቀን ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ሲሆን፣ በአሜሪካው አጠቃቀም አንዱ መርፌ ከ6 ሚሊግራም፣ የቀኑ መርፌም ከአምስት ጊዜ አይበልጥም፤ በሁለት መርፌዎች መካከልም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይኖራል። አንዱ መርፌ አልሠራም ተብሎ ለዚያው «ኦፍ» ሁለተኛ መድገም ክልክል ነው። በሌሎች አገሮች ሐኪሞች የተለየ ጣሪያ ሊያዙ ስለሚችሉ፣ የሚከተለው ሁልጊዜ የሕመምተኛው የራሱ ማዘዣ ነው።

አስታማሚውም በዚያው ቀን አብሮ መገኘት አለበት። ሕመምተኛው ሲደርቅ እጁ ስለሚንቀጠቀጥና ስለሚገታ፣ መርፌው በሚያስፈልገው በዚያው ሰዓት ብዙ ጊዜ ራሱን መውጋት ያቅተዋል። ስለዚህ አንድ ሳይሆን ሁለት የቤት ሰው መልመድ ይኖርበታል፤ አንዱ ለለቅሶ ወደ ኩታበር ወይም ለገበያ ወደ ኮምቦልቻ የወጣ ዕለት ሌላው እንዲተካ።

ማስታወክና ፕላሲል

በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ ይነበብ ቢባል ይህ እንዲነበብ እመርጣለሁ። አፖሞርፊን በተፈጥሮው ያቅለሸልሻል፤ ድሮም ሰው ለማስታወክ ሲባል ይሰጥ የነበረ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ መርፌው ከመጀመሩ ሁለትና ሦስት ቀን አስቀድሞ የማቅለሽለሽ መከላከያ ያዛል፤ በአውሮፓ የሚታዘዘው በብዛት ዶምፔሪዶን ነው፣ እርሱም በልብ ምት ላይ ተጽዕኖ ሊኖረው ስለሚችል አስቀድሞ ኢሲጂ የተባለው የልብ ምርመራ ይነሣል። ሰውነት መርፌውን እየለመደ ሲሄድ ብዙዎች ከሳምንታት በኋላ ሐኪማቸው ይህን መከላከያ እየቀነሰ ያቆምላቸዋል።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሕመምተኛው አስታወከ ተብሎ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ሲወሰድ የሚሰጠው የተለመደ መርፌ ፕላሲል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ ነው። ፕላሲል የዶፓሚንን በር ስለሚዘጋ የፓርኪንሰንን ምልክት ያባብሳል፤ ከአፖሞርፊን ጋር ሲሆን ደግሞ አንዱ የከፈተውን ሌላው ይዘጋል። ኦንዳንሴትሮንና ግራኒሴትሮን የተባሉት የማስታወክ መከላከያ መድኃኒቶች ደግሞ ከአፖሞርፊን ጋር ሲገናኙ የደም ግፊትን እጅግ ጥለው ራስን ሊያስቱ ስለሚችሉ በአንድነት መሰጠታቸው ጨርሶ የተከለከለ ነው። ለመረበሽ የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚንም እንደ ፕላሲል ያለ ጉዳት ያመጣሉ።

አክስቴ አንድ ሌሊት በምግብ መበከል አስታውከው ወደ አንድ ጤና ተቋም ስንወስዳቸው ፕላሲሉ ተቀድቶ ክንዳቸው ሊወጋ ሲል ነው የደረስኩት። ባለሙያው ሰነፍ አልነበረም፤ ለሚያስታውክ ሰው የተማረውን ሊያደርግ ነበር፣ እኛም ስለ ፓርኪንሰኑ አልነገርነውም። ከዚያ ወዲህ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ካርድ ከመታወቂያቸው ጋር በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይቀመጣል። በካርዱ ላይ «የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ነኝ፤ አፖሞርፊን እወጋለሁ፤ ሜቶክሎፕራማይድ፣ ኦንዳንሴትሮን፣ ግራኒሴትሮን፣ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን አይሰጡኝ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል፤ ሥር ደግሞ የክኒኖቻቸው ሰዓትና የሐኪማቸው ስልክ ተጽፏል። ማንኛውም ቤተሰብ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ይህን ካርድ ቢያዘጋጅ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ቁጥሩንና ሰዓቱን አለመሳት

መድኃኒቱ በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ 10 ሚሊግራም ይይዛል። አንዳንዱ ፔን (መድኃኒቱ ተሞልቶበት የሚመጣው፣ ብዕር የሚመስለው መውጊያ) በሚሊግራም፣ አንዳንዱ ደግሞ በሚሊሊትር የተቆጠረ ስለሆነ ስሕተት የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። 2 ሚሊግራም ማለት 0.2 ሚሊሊትር ነው፤ 3 ሚሊግራም 0.3 ሚሊሊትር ነው። «ሁለት ስጥ» የተባለ ሰው በሚሊሊትር ሁለት ቢሰጥ የሰጠው 20 ሚሊግራም፣ ማለትም የታዘዘውን አሥር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በቤት ውስጥ መጠኑን በቁጥር ብቻ መጥራት መቅረት አለበት፤ ሁልጊዜ ከመለኪያው ስም ጋር ይጠራ፣ በፔኑ መስኮት ላይ መታየት ያለበት ቁጥርም በወረቀት ተጽፎ ከሳጥኑ ክዳን ውስጥ ይለጠፍ። የፔኑ ዓይነት በተለወጠ ቁጥር ወረቀቱም እንደገና ይጻፍ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ከውጭ አገር የመጣ ማዘዣ «8፡00» ሲል የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ «14፡00» ሲል ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። እኛ ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ማዘዣው ላይ ያለውን 8 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አንብበን የጠዋቱን ክኒን ወደ ከሰዓት ወስደነው ነበር፤ አክስቴ እስከ ቀትር ደርቀው ሲውሉ ጥፋቱን በመርፌው ላይ ስናደርግ ቆየን። ማዘዣው እጅ እንደገባ ሰዓቶቹን ሁሉ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» ከሚል ቃል ጋር ወደ እኛ አቆጣጠር ገልብጦ መጻፍና ለጻፈው ሐኪም ወይም ለልጁ በስልክ አንብቦ ማረጋገጥ ይገባል።

አወጋጉ

ሕመምተኛው ከመወጋቱ በፊት ይቀመጥ ወይም ጋደም ይበል፤ ቆሞ አይወጋም። አስታማሚው እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ውኃ በተቋረጠ ቀን ከጀሪካን እየተቀዳለት ይታጠብ እንጂ በአልኮል ጥጥ ብቻ አይለፈው። ከዚያ መድኃኒቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል። መልኩ ጥርት ያለ፣ ቀለም አልባ ወይም ለዓይን የማይታወቅ ያህል ቢጫ መሆን አለበት፤ ከአየር ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴ የሆነ፣ የደፈረሰ ወይም ብናኝ የሚታይበት መድኃኒት አይወጋም። በአክስቴ ነጭ ነጠላ ጥለት አጠገብ ጣት የማታክል አረንጓዴ ነጥብ አለች፤ የመጀመሪያው ቀን ከመርፌው ጫፍ የወደቀች ጠብታ ናት፤ ስትወድቅ እንደ ውኃ ነበረች፣ ወደ ማታ ነው አረንጓዴነቷ የታየው፤ በብዙ እጥበትም አልለቀቀችም። ስለዚህ ከሥር አሮጌ ፎጣ ማንጠፍና የፈሰሰውን ወዲያው በውኃ ማለቅለቅ ብልህነት ነው።

በፔኑ ጫፍ ላይ ሁልጊዜ አዲስ መርፌ ይገጠማል። መርፌ መቆጠብ ልማድ የሆነበት ቤት እንዳለ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንዴ የተወጋ መርፌ ይደንዛል፣ ቆዳውን ያቆስላል፣ ጀርምም ያስገባል። አዲሱ መርፌ ከተገጠመ በኋላ አነስተኛ መጠን ሞልቶ ወደ ላይ በመግፋት ጫፉ ላይ ጠብታ እስክትታይ አየሩን ማስወጣት፣ ቀጥሎ የታዘዘውን መጠን ማዞርና በመስኮቱ የታየውን ቁጥር ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል። አክስቴ ቢደርቁም ጆሯቸው ይሰማልና ልጃቸው «ሦስት ሚሊግራም ነው፤ አንቱም ሰምተዋል?» ሲላቸው በዓይናቸው ይመልሳሉ። ይህ በሁለት ሰው የማረጋገጥ ልማድ ስሕተትን ያስቀራል፤ ሕመምተኛውንም በራሱ ጉዳይ ላይ ባለቤት ያደርገዋል።

የሚወጋው ቦታ ከእምብርት ሦስት አራት ጣት ራቅ ያለ የሆድ ክፍል ወይም የጭን የፊትና የውጭ ጎን ነው። ጠባሳ፣ ቁስል፣ የደማ ወይም የጠነከረ ቦታ አይወጋም። ቦታው በአልኮል ጥጥ ተጠርጎ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ቆዳው በሁለት ጣት ቆንጠጥ ተደርጎ ይያዝና መርፌው ይገባል፣ መግፊያው እስከ መጨረሻው ይጫናል፣ እንደተጫነም ቀስ ብሎ እስከ 10 ተቆጥሮ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ቦታውን ማሸት አያስፈልግም። ፈጽሞ መረሳት የሌለበት፣ ይህ መድኃኒት በደም ሥር አይሰጥም፤ በደም ሥር ከገባ ተረግቶ ወደ ሳንባ የሚሄድ ጓል ሊፈጥር ይችላል። ለሌላ ሕመም ግሉኮስ የተሰካለት ሰው ቢሆንም እንኳ ማንም «በዚሁ ልስጠው» እንዳይል ይጠበቅ።

ቦታ መቀያየር ከወግ ያለፈ ጉዳይ ነው። አፖሞርፊን ከቆዳ ሥር ትናንሽ እብጠቶች ስለሚተው፣ በእብጠቱ ላይ የተወጋ መድኃኒት በደንብ አይሠርግም። እኛ የሆዱን ግራና ቀኝ፣ ሁለቱን ጭኖች በየተራ እንወስዳለን፤ በደብተሩም ላይ የዕለቱ ቦታ ይጻፋል። ያገለገለው መርፌ ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይገባል፤ እርሱ ከሌለ ክዳኑ ጠበቅ ወዳለ ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ። ሲሞላ ማቃጠያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይወሰድ እንጂ በቆሻሻ ጆንያ ውስጥ አይጣል፤ የሚያነሣው የሰው ልጅ እጅ ነው።

ከመርፌው በኋላ ያለው አንድ ሰዓት

በመጀመሪያ የሚመጣው ማዛጋት ነው። አክስቴ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያዛጉ ቤቱ ሁሉ «አብሽሩ፣ እየያዘዎት ነው» ይላል፤ ማዛጋቱ መድኃኒቱ አንጎል የመድረሱ ምልክት እንጂ እንቅልፍ ማጣት አይደለም። አፍንጫ ሊያፈስ፣ ላብ ሊያልብ፣ ሊያቅለሸልሽ ይችላል። ሕመምተኛው ፊቱ ሲፈታና ጣቶቹ ሲላቀቁ ወዲያው ሊነሣ ይፈልጋል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ግፊት ወርዶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ተቀምጦ እግሩን ያውርድ፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ሰው ይዞት ይነሣ። የግፊት መድኃኒት ወይም ለልብ ሕመም ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው የበለጠ ይጠንቀቅ። ጠላና አረቄ ግፊቱን አብረው ስለሚጥሉ ከዚህ መርፌ ጋር አይሄዱም። ጫት የሚቅም ካለም ሳያፍር ለሐኪሙ ይንገር፤ ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ስለሚቀይር ሐኪሙ የሚለካውን ቁጥር ያሳስታል፣ እንቅልፍንም ይነሣል።

በድንገት እንቅልፍ መጣልም ያለ ነገር ነው። በወሎ ቤት መቼም ከሰዓት ሲሆን ቡና ይፈላል፤ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ከሕመምተኛው እግር ሥር የሚቀመጥበት ሰዓት ከመርፌው ሰዓት ጋር እንዳይገጥም ይደረግ። መኪና መንዳትማ ከነጭራሹ ከሐኪም ጋር ሳይመክሩ አይታሰብ።

ከሳምንታት በኋላ ቀስ ብለው የሚመጡ ለውጦችም አሉ፤ ቤተሰቡ ከመድኃኒቱ ጋር ስለማያገናኛቸው ሳይነገሩ ይከርማሉ። የሌለ ሰው ወይም እንስሳ ማየት፣ በሰው ላይ ያለ ምክንያት መጠርጠር፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ የቁማር፣ የመግዛት ወይም የወሲብ ፍላጎት መበርታት የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች የታወቀ ጠባይ ነው። ይህን ባሕርይ «ሸመገሉ፣ ተቀየሩ» ብሎ በሐሜት ከመሸፈን ይልቅ ለሐኪሙ መናገር መጠኑን አስተካክሎ ሰውየውን ይመልሰዋል። ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ፊትና ከንፈር ማበጥ፣ የቆዳና የዓይን ቢጫ መሆን ወይም ከአራት ሰዓት ያለፈ የብልት መቆም ከታየ ግን ወደ ሆስፒታል መሄድ እንጂ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም።

ደብተር

አክስቴ ዘንድ አንድ ባለ መስመር ደብተር አለ። በእያንዳንዱ መርፌ ፊት ክኒኑ የተዋጠበት ሰዓት፣ የደረቁበት ሰዓት፣ መርፌው የተወጋበት ሰዓትና ቦታ፣ ማዛጋት የጀመሩበት ደቂቃ፣ የተነሡበትና እንደገና የደረቁበት ሰዓት ይጻፋል። ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክለው ከዚህ ነው፤ «ደኅና ነው አንዳንዴ፣ አንዳንዴ ደግሞ አይይዛቸውም» የሚል መልስ ብዙም አይረዳውም። በቀን ከአምስት ጊዜ በላይ መውጋት እያስፈለገ መሆኑ በደብተሩ ከታየ፣ መርፌውን ከማብዛት ይልቅ በወገብ በሚታሰር ትንሽ ፓምፕ አማካይነት ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ወደ ሚሰጥ አሰጣጥ መሸጋገር ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በፓምፕ የሚሰጠው አፖሞርፊን የ«ኦፍ» ሰዓትን በቀን በአማካይ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ባዶ ፈሳሽ በተሰጣቸው ሰዎች ላይ ቅናሹ ግማሽ ሰዓት ያህል ነበር። ሌቮዶፓው ራሱ ከቆዳ ሥር ለ24 ሰዓት እንዲሰጥ ሆኖ የተዘጋጀ ሌላ መድኃኒትም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 ተፈቅዷል። ሁለቱም ፓምፕና የሠለጠነ ክትትል ስለሚፈልጉ እዚህ ላይ አላሰፋቸውም።

ምግብና ጾም

መርፌው ከምግብ ጋር አይጣላም፤ ክኒኑ ግን ይጣላል። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ እንዲሁም ሽሮና ምስር ያላቸው ፕሮቲን ሌቮዶፓ በሚያልፍበት በር ስለሚጋፋ፣ ክኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ቢዋጥ ይሻላል። «የጾም ምግብ ቀላል ነው» የሚለው አባባል በዚህ በኩል አይሠራም፤ ሽሮም ፕሮቲን ነው። በመስከረምና በጥቅምት ከደጋው የሚወርደው የባቄላ እሸት ደግሞ በተፈጥሮው ሌቮዶፓ አለበት። ቀምሶ መተው አይጎዳም፤ በቁና የሚበላ ሰው ግን ያልታሰበ መወራጨት ቢያይበት ምክንያቱን እዚያ ይፈልግ።

በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ክኒን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ትልቅ አደጋ አለው፤ ሌቮዶፓን በድንገት ማቆም ኃይለኛ ትኩሳት፣ ግትርነትና ራስን መሳት ሊያስከትል ይችላል። የታመመ ሰው በሁለቱም ሃይማኖት ፈቃድ እንዳለው የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ ልብ እንዲረጋ ግን ሼኹን ወይም የንስሐ አባትን ከሐኪሙ ቃል ጋር አስቀድሞ ማማከር ጥሩ ነው። አክስቴን ያሳመናቸው የኔ የመድኃኒት ቤት ትምህርት ሳይሆን የሰፈራችን ሼኽ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

አያያዝና ስንቅ

መድኃኒቱ ከ25 ዲግሪ በታች በሆነ ጨለማ ቦታ ይቀመጣል፤ አይቀዘቅዝም፣ ፍሪጅም አያስፈልገውም። የደሴ ሰው በዚህ ዕድለኛ ነው፤ መብራት ቢጠፋ የሚበላሽበት የለም። ወደ ባቲ፣ ከሚሴ ወይም ሐርቡ የሚወርድ መንገደኛ ግን ሳጥኑን ከመኪናው መስታወት ሥር አያስቀምጥ፤ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ዕቃ ውስጥ ሳይነካካው ይያዝ።

ሌላው ስንቁ ነው። ከአንድ ሳምንት በላይ ከተቋረጠ በኋላ በቀድሞው መጠን መቀጠል አይፈቀድም፤ ሰውነት ስለሚረሳው በሐኪም ፊት እንደገና ከትንሽ ይጀመራል። ስለዚህ ማለቂያውን ቀድሞ ማስላት ግድ ነው፣ ስሌቱም ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። አክስቴ የሚጠቀሙበት ፔን 30 ሚሊግራም ይይዛል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ሦስት ሦስት ሚሊግራም ሲወጉ 9 ሚሊግራም ነው፤ በዚህ ሒሳብ አንዱ ፔን ሦስት ቀን ያስኬዳል ያሰኛል። ነገር ግን ያ ዓይነት ፔን ከተከፈተ ከ48 ሰዓት በኋላ ስለማይሠራበት፣ ቀሪው ቢኖርም ይጣላል። ስለዚህ ለወሩ የሚያስፈልገው አሥር ሳይሆን አሥራ አምስት ፔን ነው። ከተከፈተ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ የሚያገለግሉ ፔኖችም ስላሉ፣ ስሌቱ በሳጥኑ ውስጥ ካለው ወረቀት ተነሥቶ ይሠራ። ልጃቸው በመጀመሪያው ዙር የላከው በአሥር ሒሳብ ስለነበር በወሩ ሃያኛ ቀን ሳጥኑ ባዶ ሆነ፤ አሁን ፔኖቹ በየጁምዓው ከስግደት በኋላ ይቆጠራሉ፣ የአራት ሳምንት ስንቅ ሲቀርም በዚያው ዕለት ወደ ጀርመን ይደወላል።